ስለ ጦር ስልት ጨዋታ፤ መልክና ብልሃትን ለይቶ ስለ መፍረድ

ልጆች የቪዲዮ ጨዋታ ይግዙልን ብለው አባታቸውን ሲለምኑ፥ ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ምስክር የሥዕሉ ማማር ነው። ነገር ግን ሥዕል አንድ ምስክር ብቻ ስለ ሆነ፥ ሌላውን ሳይሰሙ በእርሱ ቃል መፍረድ አይገባም።

ዛሬ የምንናገረው የጦር ስልት ስለሚባለው ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ሀብት ይሰበስባል፤ ሰፈር ይሠራል፤ ጭፍራ ያሰልፋል፤ ባላጋራውም ተራ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ይህንኑ ያደርጋል። የአገራችንን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው በዚህ እጅግ አይደነቅም። በቀድሞው ሥርዓት አንዱ የሌላውን እስኪገድል ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ ያንቀሳቅሱ ነበርና፤ ይኸውም ወረራ ይባል ነበር። ሰንጠረዡም ከዝሆን ጥርስ ቢቀረጽ ወይም ከእንጨት ቢጠረብ ሕጉ አይለወጥም።

እንግዲህ ፈራጁ መልክንና ብልሃትን ለየብቻ ይመርምር። ዌስትውድ የተባለው ማኅበር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ያወጣው ዱን 2 ሥዕሉ ዛሬ ለሚያየው ሻካራ ነው። ሆኖም ሀብት መሰብሰብን፥ ሕንፃ መሥራትንና ጦር ማዘዝን በአንድነት ስላስተባበረ፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች መንገዱን ተከተሉ። በ1998 ዓ.ም. ብሊዛርድ ያወጣው ስታርክራፍትም ሦስት ወገኖች አሉት፤ አሠራራቸውና አዋጋጋቸው ባይመሳሰልም ኃይላቸው እንዲመዛዘን ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ማኅበር በ2017 ዓ.ም. ሥዕሉንና ድምፁን ሲያድስ የጨዋታውን ሕግ አልነካም። ልብሱ ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ነው።

ይህን ማለታችን ሥዕልን ለመናቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው በሆምወርልድ መርከቦች በጠፈር ውስጥ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ስለሚሄዱ፥ አዛዡ ከስድስቱም አቅጣጫ መጠበቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. በወጣው በካምፓኒ ኦፍ ሂሮስም መድፍ ቤቱን ሲያፈርሰው በውስጡ የነበረው ወታደር መከለያውን ያጣል፤ ጥይቱ የቆፈረው ጉድጓድ ደግሞ ለሌላው መሸሸጊያ ይሆናል። በእነዚህ ሥዕሉ ራሱ ለአሳብ አዲስ በር ከፍቷል። እንዲህ ያለው ሥዕል ሊመሰገን ይገባል። እንዲሁም አዲስ ነገር ሁሉ መልካም አይደለም፤ አዛዡን ሳያስተምር የሚያደናግር ብልሃት ከጌጥ አይሻልም።

ስለዚህ አባት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ልጁን ሁለት ጥያቄ ይጠይቀው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ከጨዋታው ምን ይቀራል? ከዚህ በፊት ያላሰብኸውንስ ምን እንድታስብ አደረገህ? መልስ ያገኘ ልጅ ጨዋታውን ይግዛ፤ መልስ ያጣም ጥቂት ይቆይ። ሥዕሉ እያማረ በሄደ ቁጥር ብርቱና ውድ ኮምፒዩተር ይጠይቃልና፥ ወጪው በጨዋታው ዋጋ ብቻ አያበቃም።

በጨዋታ መልክንና ፍሬን መለየት የለመደ ልጅ፥ አድጎ ሹመት ሲይዝ ባለጉዳዩን በልብሱ አይመዝንም። የዚህም ልማድ መጀመሪያው በቤት ነው።