የጣት መለኪያው በጥቁር ቆዳም ይፈተሽ
ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሁለት ብርሃን አመንጪ ዳዮዶች አሉት፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጥበት መጠን ይለያያል፤ ስሌቱም ከዚሁ ልዩነት ይነሳል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያፈለቀው ይህ ድንቅ ዘዴ በኮቪድ ዘመን ከሆስፒታል አልፎ ቤት ድረስ ገብቷል።

ይሁንና ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ መሣሪያው ሳያሳየው የሚያልፍ የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ጉዳዩ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ስለመፈተሹ ማስረጃ ያልቀረበበት መለኪያ በመንግሥት ገንዘብ ሊገዛ አይገባም። ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛም፣ ቁጥሩ ደህና ስላለ ብቻ፣ ሳይመረመር ወደ ቤቱ አይሸኝ።