«ፎርማት» ከማለታችን በፊት



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በየዶርሙ «ላፕቶፔ አልነሳ አለኝ» የሚል ይበዛል። መልሳችንም አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው።» ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ባለቤቱ ምን እንደሚጠፋ በደንብ ሳይነገረው ሲደረግ ደግሞ አማና ማጉደል ነው። ይህን የምለው እኔው ራሴ ስላጎደልኩ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የገለምሶ ልጅ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ላይ የተጫኑበትን ላፕቶፕ አመጣልኝ። ቦታ ለማስፋት ብሎ የኡቡንቱን ፓርቲሽን ከዊንዶውስ ሆኖ አጥፍቶታል። ከዚያ ወዲህ ሲያበራው ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አይመጣም። እኔም ብዙ ሳልጠይቅ ሙሉ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩለት። ሲረከበኝ «የሸኻችን ደርስስ?» አለኝ። ለሦስት ረመዳን የቀዳው የተፍሲር ትምህርት ነበር፤ ሸኹ ወደ አኼራ ሄደዋል፣ ሌላ ቅጂ የለም። «ቀደር ነው» ብሎ አውፍ አለኝ። ከወራት በኋላ ስማር ግን ችግሩ አንድ ቁልፍ በመጫን የሚፈታ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። ባዮሱ ዲስኩ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን የማስነሻ ፋይል ያነባል። ሁለት ሲስተም ካለ የሁለቱም ማስነሻ እዚያው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ የትኛው እንደሚቀድም ባዮሱ ተራ ይዟል። ጽሑፋችን፣ ፎቶአችንና ደርሳችን ያለው ግን ሌላ ፓርቲሽን ላይ ነው። ተራው ሲዛባ ወይም ማስነሻው ሲበላሽ ፋይሉ አልጠፋም። የበሩ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፑ ሲበራ የቡት ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ እንጫን፤ በብዙ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ ከዝርዝሩ ከተገኘ መርጠን እንግባ፤ ተራውን በኋላ ባዮስ ውስጥ እናስተካክላለን። የዚያ ወንድሜ ላፕቶፕ የፈለገው ይህን ብቻ ነበር። ካልሆነ ኡቡንቱ ያለበትን ፍላሽ ሰክተን፣ ሳንጭን የመሞከሪያውን ምርጫ ይዘን እንግባና ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጥ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የባዮስ ቅንብር ሲነካ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ማንም አይከፍተውም። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚገኝ ምንም ሳንነካ በፊት ወረቀት ላይ እንጻፈው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የተማሪው አይደለም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት በዓለም ዙሪያ ሁለት ሲስተም ያላቸውን ብዙ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ እንዳያስነሱ አድርጎ ነበር። መፍትሔው ሴኪውር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ኡቡንቱ ውስጥ መግባትና ማስተካከል እንጂ ፎርማት አልነበረም። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበል አሮጌ ላፕቶፕ ያለን ብዙዎች ከዊንዶውሱ ጎን ኡቡንቱ መጫናችን አይቀርም፤ ችግሩም አብሮ ይበዛል።

የጭሮ፣ የበዴሳ ወይም የሂርና ጠጋኝ ላይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። ፎርማት ቶሎ ያልቃል፤ ፋይል ማዳን ግን ሰዓታት ይወስዳል፣ ደንበኛውም «ዛሬውኑ» ይላል። እኛ ግን ወንድማማቾች ነን፤ ጊዜ መስጠት እንችላለን። የሰው ላፕቶፕ እጃችን ሲገባ ውስጡ ያለውም አማና ነው።

ለጀመዓችን የትምህርት ክፍል ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንድ የኡቡንቱና አንድ የዊንዶውስ ፍላሽ፣ ከአንድ ትርፍ ዲስክ ጋር ለሁላችንም ይቀመጥ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ለአዲስ ተማሪዎች ይህንኑ እናስተምር። ከመካከላችን ኮምፒውተር የሚጠግን ሁሉ ደግሞ «ምን ፋይል አለህ? ሌላ ቦታ ቅጂ አለው?» ብሎ ሳይጠይቅ ፎርማት ላያደርግ ቃል ይግባ። ፍላሾቹን እኔ አዘጋጃለሁ፤ የጠፋውን ደርስ አይመልስም፣ የቀጣዩን ግን ኢንሻአላህ ያድናል።