ቤት የሌለው ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» ሲባል

በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ስለሆነም የጎረቤታችን አገር መንግሥት ሕዝቡን ከወረርሽኙ ለመጠበቅ የወሰደው እርምጃ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ መመርመር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ኢምባካሲ በናይሮቢ ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ በመጀመሪያ የሚረግጠው የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዚሁ ሥፍራ ሲሆን፣ የጦር ሠፈርና የፖሊስ ማሠልጠኛም አለበት። ከዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ በቆርቆሮ ቤት ተፋፍጎ የሚኖር፣ የዕለት ጉርሱን ዕለት በዕለት ወጥቶ የሚያገኝ እጅግ ብዙ ሠርቶ አደር ይኖርበታል። ለዚህ ሕዝብ «ርቀትህን ጠብቅ፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ከቤትህ አትውጣ» የሚለው ምክር ትክክለኛ ቢሆንም፣ ውሃውን በጀሪካን ለሚገዛና ስድስት ሆኖ በአንዲት ክፍል ለሚያድር ሰው ሊፈጸም የሚችል አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ድህነት ያመጣው ችግር ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አላበቃም። በሰሜን ኢምባካሲ፣ በካሪዮባንጊ የፍሳሽ ማጣሪያ አጠገብ በሠፈረው ሕዝብ ላይ ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ቡልዶዘሮች በፖሊስ ታጅበው ደረሱ። መሬቱ የከተማው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ነው የሚል ክርክር ነበረበት፤ ማፍረሱን የሚያግድ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ተሰጥቶ ነበር። ትእዛዙ ግን ከቡልዶዘሩ አልቀደመም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና አረጋውያን ጭምር፣ በከባዱ ዝናብ ወራት ሜዳ ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ በናይሮቢ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሰዓት እላፊ ገደብ ነበር፤ ከከተማዋም መውጣት ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በምሽት የት ይግባ? በውጭ ቢገኝ ሕግ ተላላፊ ነው፤ ወደ ትውልድ መንደሩ እንዳይሄድ መንገዱ ተዘግቷል።

የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ምናልባት ድርጅቱ እውነት ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን አንድን ሠፈር በበሽታ ዘመን በትኖ በየዘመዱ ቤት እንዲጨናነቅ ማድረግ ወረርሽኙን በገዛ እጅ ማሠራጨት ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረም መጠለያ ተላላፊ በሽታ ከረሃቡ ጋር ተባብሮ ስንቱን ወገናችንን እንደፈጀ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

ይህን የምጽፈው የሠራዊት አባል ሆኜ ነው። በጦር አካዳሚ ሳለን ከሁሉ አስቀድሞ የተማርነው የግዳጁ ዓላማ ከአፈጻጸሙ በፊት መታወቅ እንዳለበት ነው። የሰዓት እላፊው ዓላማ ሕይወት ማዳን ነበር። ሆኖም ገደቡ በተጀመረበት በመጋቢት 18 በሞምባሳ ወደብ የሊኮኒን ጀልባ በሚጠባበቀው ሕዝብ ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። እንዳይጠጋጋ የሚፈለገው ሕዝብ እያሳለና እያለቀሰ እርስ በርሱ ተደራረበ። ከቀናት በኋላም በናይሮቢ ኪያማይኮ በተባለ ሠፈር በቤቱ በረንዳ ላይ የነበረ የ13 ዓመት ልጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። «ቤትህ ተቀመጥ» የተባለውን የፈጸመ ልጅ ነበር! የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለተፈጸመው የኀይል እርምጃ ይቅርታ ጠየቁ። ይሁን እንጂ የፖሊስን ሥራ የሚቆጣጠረው የኬንያ መሥሪያ ቤት እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ 15 የሞት አቤቱታ እንደደረሰው አስታወቀ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ ይህን ቍጥር ሊያውቀው ይገባል።

የራሳችንን ጓዳ ሳንፈትሽ የጎረቤትን መተቸትም ነውር ነው። በመጋቢት ማብቂያ 2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር መከልከሉ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ሥራው የቀዘቀዘበት ስንት ቤተሰብ በዚህ ተጠልሎ እንዳለፈ እናውቃለን። በዚያው ወራት ግን በአዲስ አበባ ቦሌ ክፍለ ከተማ የቀን ሠራተኞች ያቆሟቸው ጎጆዎች ሲፈርሱ ቢያንስ አንድ ሺህ ሰው መጠለያ እንዳጣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ገልጧል። አከራይ ሊያደርገው የተከለከለውን መሥሪያ ቤት ከፈጸመው የአዋጁ ትርጉም ምንድን ነው?

መድኀኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ቀበሌ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩትን፣ ሕጋዊ ይዞታ የሌላቸውን ጭምር በስም ያውቃል፤ ካላወቀም በአንድ ሳምንት ሊመዘግብ ይችላል። ያ መዝገብ ሰው ለማስወጣት ሳይሆን ውሃና እህል ለማድረስ መዋል አለበት። ወረርሽኝ በታወጀ ዕለት የማፍረስ ሥራ ሁሉ በራሱ እንዲቆም የሚያዝ አንድ አንቀጽ በሕግ ቢገባ፣ ጥበቃ ላይ የሚሰማራው ፖሊስና ወታደርም ያን አንቀጽ በኪሱ ይዞ ቢወጣ፣ በካሪዮባንጊ እንደሆነው የዳኛው ወረቀት ከቡልዶዘር ጋር ሩጫ ባልገጠመ ነበር።