የካሜሎት ንጉሥና የደብረ ብርሃን ንጉሥ

በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከመስከረም 10 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ድረስ በ65 ክፍል የቀረበው «መርሊን» የተባለ የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ፣ መሠረቱ የንጉሥ አርተር ተረት ይሁን እንጂ፣ የመጀመሪያውን ክፍል በጥሞና ለተመለከተ ሰው የሚያሳየው ከድንጋይ የሚመዘዘውን ሰይፍ ወይም መኳንንቱ የሚከቡትን ገበታ ሳይሆን፣ ሥራይን ከመንግሥቴ ነቅዬ አጠፋለሁ ብሎ የማለ አንድ ንጉሥ በአደባባይ የሰው አንገት ሲያስቀላ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል መጻፍ ያስፈለገኝም፣ ነገሩን እዚህ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ለሚያይ የይፋት ሰው፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከጣርማ በር ወዲያ በደጋው ላይ የነገሠ የሌላ ንጉሥ ታሪክ አብሮ ስለሚታየው ነው።

የክፍሉ ነገር እንዲህ ነው። መርሊን የሚባል የገጠር ወጣት፣ እናቱ የጻፈችለትን ደብዳቤ ይዞ ወደ ካሜሎት ከተማ በገባበት ሰዓት አደባባዩ በሕዝብ ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ንጉሥ ኡተርም ከሰገነቱ ቆሞ፣ ቶማስ ኮሊንስ የተባለውን ሰው መሠርይ ነህ ብሎ በሞት ይቀጣውና፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ ታላቁ ዘንዶ ከተማረከና አገሩ ከሥራይ ከነጻ 20 ዓመት ሞላ ሲል የበዓል ዐዋጅ ያስነግራል። የሟቹ እናት፣ እድሜ የተጫናት ሴት፣ ከሕዝቡ መካከል ብቅ ብላ፣ ልጄን እንደ ወሰድህብኝ ልጅህን እወስድብሃለሁ ብላ ትዝትና በዐውሎ ነፋስ ተሰውራ ትሄዳለች። መርሊን ማንም ሳያስተምረው ሥራይ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ አብሮት የተፈጠረ ልጅ ስለ ሆነ፣ በዚያ አደባባይ ያየው ፍርድ ነገ በእርሱ አንገት ላይ የሚያርፍ መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ለማንም ሊናገረው አይችልም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። መርሊን ወደ ቤተ መንግሥቱ ሐኪም፣ ወደ ሽማግሌው ጋዩስ ይገባል፤ ሽማግሌው ከደርብ ሲወድቅ አልጋውን በዓይኑ ብቻ አንቀሳቅሶ ከሥሩ በማድረስ ያተርፈዋል። ልዑል አርተር አገልጋዩን ዒላማ አሸክሞ ጩቤ ሲወረውርበት አይቶ «በቃህ» ስላለው ከልዑሉ ጋር ይጣላና፣ በእግር ግንድ ታስሮ የከተማው ልጆች የበሰበሰ አትክልት ይወረውሩበታል፤ ኋላ ንግሥት የምትሆነዋን ግዌንን የሚተዋወቃትም በዚሁ በውርደቱ ሰዓት ነው። በዚህ መካከል የልጇን ደም የምትፈልገው እናት፣ በዓሉን ለማድመቅ የተጠራችውን ዘፋኝ እመቤት ሔለንን በመንገድ ገድላ መልኳን ትወስዳለች። ግብሩ በተበላበት ሌሊት ቆማ ስትዘፍን እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት ያንቀላፋል፤ የሸረሪት ድርም ይወርድበታል፤ ጆሮውን የደፈነው መርሊን ብቻ ነቅቶ ይቀራል። ጩቤ ይዛ ወደ ልዑሉ ስትጠጋ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መቅረዝ ይጥልባታል፤ ወድቃም በራሷ መልክ እንደ ተመለሰች በመጨረሻ ትንፋሿ የወረወረችው ጩቤ ሳይደርስ፣ መርሊን የጊዜን ሩጫ አዘግይቶ አርተርን ከሞት ይስበዋል። ንጉሡም ለልጁ አዳኝ ይገባል ያለውን ሽልማት ሲሰጥ የልዑሉ አሽከር አድርጎ ይሾመዋል፤ ሁለቱ ወጣቶች በሹመቱ እኩል መከፋታቸው የክፍሉ ምርጥ ሣቅ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ በታች በዋሻ የታሰረው ዘንዶ፣ ድምፁን ተዋናይ ጆን ኸርት የሰጠው፣ ለመርሊን ዕጣህ አርተርን መጠበቅ ነው ብሎ ይነግረዋል። በእኛ ተረት አርዌ ራሱ ንጉሥ ሆኖ ሕዝቡን የሚያስገብር ነውና የሚመክር ዘንዶ ለዓይናችን እንግዳ ይሆናል፤ እኔ ግን የምነቅፈው እንግድነቱን አይደለም። ዘንዶው ፍጻሜውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ተመልካቹ በራሱ ሊጨነቅበት የሚገባውን ጥያቄ በሩቅ ዘመን የተወሰነ ነገር ያደርግበታል፤ ጥያቄውም፣ አንድ ሰው በሕይወቱ ላይ የሞት ፍርድ ያወጀውን ንጉሥ ልጅ ስለ ምን ያድናል የሚለው ነው።

ክፍሉ ታላቅ የሚሆነው በእናቲቱ ነው። ምንም ያልበደለችውን ዘፋኝ በመግደሏና ያባቱን ጥፋት በማያውቀው ልጅ ላይ እጇን በማንሣቷ በደለኛ መሆኗ አይካድም፤ ሆኖም የበደሉ ምንጭ ወዴት እንዳለ ለሚጠይቅ ሰው ጣቱ የሚያመለክተው ወደ ሰገነቱ ነው። ቶማስ ኮሊንስ በሥራዩ የታመመ ፈውሶበት ይሁን ጎረቤቱን ጎድቶበት፣ ድራማው አይነግረንም፤ ንጉሡም አልተጠየቀም፤ ከድግሱ ላይ አንቀላፍቶ፣ ነቅቶ፣ ሸልሞ፣ ወደ መኝታው ይገባል። ይህን ዝምታ ጉድለት ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን የደራሲዎቹ ብልሃት እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ንጉሡን ከጭራቅነት አድነው፣ ልጁን የሚወድ፣ አገሩን የሚያስብ፣ ግን ፍርሃቱን ሕግ አድርጎ የጻፈ ሰው አድርገው አቁመውታልና።

አሁን ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ባለውለታ፣ የ«መጽሐፈ ብርሃን» ደራሲ፣ የእመቤታችንን በዓላት ያጸኑ፣ አባታቸው ዐፄ ዳዊት ያስመጡትን ግማደ መስቀል በግሸን ያሳረፉ ንጉሥ ናቸው (የ«መርሊን» የመጀመሪያ ክፍል የታየበት መስከረም 10 ቀን ለእኛ የአፄ መስቀል በዓል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ እንግሊዞቹ ይህን ሊያውቁ አይችሉም)። እኒሁ ንጉሥ ግን በሥራይና በባዕድ አምልኮ ላይ ከማንም ነገሥታት የበረታ ሰይፍ የመዘዙ ነበሩ። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል ጽፎ እንዲይዝ ታዘዘ፤ ደስክና ዲኖ የሚባሉትን አጋንንት አመለኩ ተብለው የተከሰሱት ሁሉ ተቀጡ፤ ከተከሰሱትም መካከል የንጉሡ የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነበሩ። ዜና መዋዕላቸው በዘመኑ በሕዝቡ ላይ ስለ ወደቀው ድንጋጤ ይናገራል፤ ልጆቹ በጽኑ ግርፋት እንደ ተቀጡ፣ አንዳንዶቹም እንደ ሞቱበት ይተርካል።

ኡተር የገደለው የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ታሪክ ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። በዘመናቸው መጨረሻ ንጉሡ፣ ባለቤታቸው ጽዮን ሞገሳ ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ ተማክረዋል ብለው ጠርጥረው አስገረፏቸው፤ ጽዮን ሞገሳም በዚያ ምክንያት ሞቱ፤ ሬሳቸውም በምስጢር በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በመቅደሰ ማርያም ተቀበረ። ልጃቸው የእናታቸውን መሞት ባወቁ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕጣን ሰጡ፤ ነገሩም ለአባታቸው ተሰምቶ ከታማኝ አገልጋያቸው ጋር በሰንሰለት ታሰሩ፤ በኋላ በመነኮሳት ምልጃ ታርቀው፣ አልጋ ወራሽ ሆነው፣ አባታቸው ባረፉ ጊዜ ነገሡ። ገራፊ አባት፣ በስውር የተቀበረች እናት፣ በዕጣን ኀዘኑን የገለጠ ልጅ፣ አብሮት የታሰረ አሽከር! የካሜሎት ደራሲዎች በብዙ ክፍል ደክመው የፈጠሩት ነገር ሁሉ እዚህ ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ዘንዶ ብቻ ነው የጎደለው፤ እርሱም ባይኖር ይሻላል።

ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በቴሌቪዥናችን አለመታየቱ የሚገርም ነው። ደራሲ ከበደ ሚካኤል፣ የዚሁ የሰሜን ሸዋ የመንዝ ልጅ፣ ለቲያትር በጻፉበት ዘመን የቅርጣግናውን አኒባልን መረጡ፤ ደራሲ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ዐፄ ቴዎድሮስን ለመድረክ አቀረቡ። ታሪካዊ ድራማ ስለዚህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዘርዐ ያዕቆብን የሚያህል ንጉሥ ግን ቅዱስ ነው ወይም ጨካኝ ነው ከሚሉት ከሁለቱ ፍርዶች አንዱን ሳይሰጡ በመድረክ ማቆም የማይደፈር ነገር ሆኖ ኖሯል። ፍርሃቱ ይገባኛል። እንግሊዞች ኡተርን አሳዳጅ፣ መርሊንን ጢም አልባ ጎረምሳ አድርገው ሲጽፉ የሚቆጣቸው የለም፤ የአርተርን ዘውድ የኔ ነው የሚል ወገን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗልና። ቶማስ ማሎሪ የተባለው ባላባት የአርተርን ተረቶች ሰብስቦ በእስር ቤት የጻፈው መጽሐፍ የተፈጸመው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባረፉ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ መጽሐፉና የንጉሡ ታሪክ የአንድ ዘመን ናቸው፤ ሆኖም የእነርሱ ንጉሥ ወደ ተረት ሲሻገር የእኛ ንጉሥ በቅዳሴያችንና በክርክራችን ውስጥ ሕያው ሆኖ ቀርቷል። ዘውዱ ገና ትኩስ በሆነበት አገር ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ቱርኮች አይተውታል፤ ስለ ሱልጣን ሱሌይማን የሠሩትን ድራማ፣ በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶጋን በአደባባይ ነቅፈውት ነበር፤ ድራማው ግን ቀጥሎ ተፈጸመ፤ ሱልጣኑም ከክብሩ አንዳች አልጎደለበትም።

ለይፋት ሰው ደግሞ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ። ከደጋው ገደል በታች ያለው ይህ ቆላ፣ ዛሬ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ትንባሆ የሚያበቅለው የቀወት ወረዳና የአካባቢው ምድር፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወላስማ ሱልጣኖች ግዛት ነበር፤ የፈረንሳይ የከርሰ ምድር ጥናት ሰዎችም ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በይፋት እንደ ኖራና አስበሪ ባሉ ስፍራዎች መስጊዶቹንና መቃብሮቹን አጥንተዋል። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሱልጣን ሰብረ ዲንን በብዙ ስድብ ያነሣዋል፤ በንጉሡ መዲና ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መዛቱንም ይጽፋል (ይህን የሚያነብ የይፋት ጫት ነጋዴ ፈገግ ሳይል አይቀርም)። ከዚሁ ዘር የተወለደው ሱልጣን በድላይ በ1438 ዓ.ም. በልደት ዕለት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተዋግቶ በወደቀ ጊዜ፣ ራሱና እጅ እግሩ ተቆራርጦ ወደ ልዩ ልዩ አገር ተላከ። የደጋው ጸሐፊ ይህን የጻፈው ድል ነውና በደስታ ነው፤ የበድላይ እናት ምን እንዳለች ግን የጻፈ የለም። «መርሊን» በመጀመሪያ ክፍሉ የሟቹን እናት ከሕዝቡ መካከል አውጥቶ እንድትናገር አደረገ፤ ከንጉሡ ዐዋጅ ይልቅ የእርሷ ቃል ነው ተመልካቹን እስከ መጨረሻው የሚይዘው፤ ስለ ይፋት የሚጻፍ ድራማ ቢኖር ለሁለቱም ወገን እናቶች እንዲህ ያለ ቃል መስጠት አለበት፤ አለዚያ ባይጻፍ ይሻላል። በዚህ ወረዳ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አማራውና አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ባለፉት ዓመታት በአጣዬና በሸዋ ሮቢት የደረሰውን ጥፋት ያየ ሰው ስለ ጥንቱ ጦርነት የሚነገር ነገር በምን ጥንቃቄ መነገር እንዳለበት የሚያስተምረው አያስፈልገውም፤ ጥንቃቄ ማለት ግን ዝምታ አይደለም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የባሕር ማዶ ድራማ በአማርኛ ድምፅ በየቤቱ መግባቱን ብዙ የጥበብ ሰዎች በምሬት አንሥተውታል። እኔ በመግባቱ አልማረርም፤ ሰው ያማረ ነገር ቢያይ ምን ይከፋል? ምሬቴ፣ ይህን ሁሉ ስናይ ሙያውን አለመውሰዳችን ነው። ከ«መርሊን» የሚወሰደውም ሙያ እምብዛም ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ድራማው የካሜሎትን ቤተ መንግሥት የቀረጸው በፈረንሳይ አገር በፒዬርፎን ግንብ ነው፤ ለእኛ ግንብ እንኳ አያሻንም፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው የድንኳን ከተማ፣ መጋረጃው፣ የዐቃቤ ሰዓቱ (የንጉሡ የቅርብ የቤተ ክህነት ሹም) መግቢያና መውጫ፣ በሌሊቱ ብርድ ከድንኳን ድንኳን የሚተላለፈው ሹክሹክታ ለካሜራ የሚመች ነው፤ ደብረ ብርሃንም የሌሊት ብርድ ችግር የለባትም።

የመጀመሪያውን ክፍል የሚጽፍ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከዘውድ ወይም ከጦርነት አትጀምር፣ ከመቅደሰ ማርያም ጀምር እለዋለሁ። አንድ ወጣት ዕጣን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ለማን መታሰቢያ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ቢቀበል በንጉሡ ዘንድ የሚያስጠይቀው ነው፤ ባይቀበል በእግዚአብሔር ዘንድ። ወጣቱ ስም አይጠራም፤ ካህኑም አይጠይቅም። ከደጅ የቆመው አሽከር በቅሎዎቹን ይዞ መንገዱን ይጠብቃል፤ ተመልካቹም ይህ አሽከር ከጥቂት ቀን በኋላ ከጌታው ጋር በአንድ ሰንሰለት እንደሚታሰር ገና አያውቅም፤ የሚነግረውም ዘንዶ አይኖርም።