ከጥናቱ በፊት ከፋዩ ይታወቅ

የመርካቶ ነጋዴ ደላላ ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን እንደሚቀበል ያውቃል። ስለሚያውቅም «ዕቃው አንደኛ ነው» ሲባል ቃሉን መዝኖ ነው የሚወስደው። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር «ባንኩ ጤነኛ ነው» ብሎ ሲፈርም ግን ገበያው ሚዛኑን ያስቀምጣል። ምክንያቱም የፕሮፌሰሩን ደመወዝ የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከሽያጩ የሚያገኘው ነገር የለም ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት በገንዘብ የሚተመን ሀብት ነው። ጥያቄው ሀብቱን የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች መምህራኖቻቸው ከግቢ ውጭ የሚሠሩትን ሥራ የሚቆጣጠሩባቸው ደንቦች አሏቸው። ደንቦቹ ሁለት ዓላማ አላቸው። አንደኛው የሥራ ግዴታ ግጭትን መከላከል ነው፤ ይኸውም የሙሉ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው መምህር ያንኑ ጊዜ መልሶ ለሌላ እንዳይሸጥ ማድረግ። ሁለተኛው የጥቅም ግጭትን መከላከል ነው፤ ይኸውም ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ፍርዱን እንዳያዛባ መጠበቅ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ገበያውን የጎዳውም ይኸው መደባለቅ ነው።

ስለ ጊዜ የወጣው ደንብ ግልጽ ነው፣ ቁጥርም አለው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ጊዜ መምህር በአንድ ሩብ የትምህርት ዓመት ከ13 ቀን በላይ በአማካሪነት እንዳይሠራ ይገድባል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለ9 ወር ተቀጣሪዎች የሰጠው ጣሪያ 39 ቀን ነው። ሃርቫርድ ደግሞ ለውጭ ሥራ የሚውለው ጉልበት ከጠቅላላው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሁሉም ተደምሮ «በሳምንት አንድ ቀን የራስህ ነው» እንደ ማለት ነው።

ይህ ደንብ የአሠሪውን ንብረት ይጠብቃል፤ አሠሪውም ንብረቱን ለማስጠበቅ አያመነታም። የሃርቫርዱ የሕግ ፕሮፌሰር አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንተርኔት ለሚያስተምረው የኮንኮርድ የሕግ ትምህርት ቤት በቪዲዮ የተቀረጸ ትምህርት ሰጡ። ሃርቫርድ «ያለ ዲኑ ፈቃድ በሌላ ትምህርት ቤት ማስተማር አይቻልም» ብሎ ተቃወመ። ሚለር በበኩላቸው ተማሪዎቹን በአካል እንዳላገኟቸው፣ ቪዲዮውም መጽሐፍ ከማሳተም የተለየ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይቆይ ደንቡን አሻሽሎ የኢንተርኔት ትምህርትንም ፈቃድ ከሚያስፈልገው ሥራ ውስጥ አስገባው።

እንዲህ ያለው ጥብቅነት «ለምን የውጭ ሥራው ጨርሶ አይከለከልም?» የሚል ሐሳብ ሊያስነሳ ይችላል። የገበያው ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንፍራንሲስኮ ግቢ ፕሮፌሰር ኸርበርት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1976 ከሮበርት ስዋንሰን ጋር ጄነንቴክ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ ከባልደረቦቻቸው ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። ኩባንያው ጥቅምት 1980 አክሲዮኑን በ35 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ፤ ገበያው በተከፈተ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዋጋው 88 ዶላር ደረሰ። ከዚያ የላቦራቶሪ ዕውቀት ለስኳር በሽተኞች የሚውል ኢንሱሊን ወጥቷል። ፕሮፌሰሩ ከግቢ እንዳይወጡ ተከልክለው ቢሆን ኖሮ የሚከስረው ባለአክሲዮን ብቻ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ መከልከል አያዋጣም ማለት ነው። ቀን መቁጠርስ ብቻውን ይበቃል? ለዚህ መልሱ አይስላንድ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ የአይስላንድ ባንኮች ከአቅማቸው በላይ ተበድረዋል የሚል ወሬ በገበያው ተናፈሰ። የዴንማርኩ ዳንስከ ባንክ በመጋቢት ወር ባወጣው ዘገባ ሀገሪቱ ለቀውስ እንደተጋለጠች አስጠነቀቀ። በግንቦት ደግሞ የአይስላንድ ንግድ ምክር ቤት ያሠራው ጥናት ታተመ። ከሁለቱ አዘጋጆች አንዱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ታዋቂው የባንክና የገንዘብ ሊቅ ፍሬድሪክ ሚሽኪን ነበሩ። የጥናቱ መልእክት የሀገሪቱ የኢኮኖሚ መሠረት ደህና ነው፣ ቁጥጥሩም ጥሩ ነው የሚል ነበር። ባለገንዘቡ በአንድ በኩል የተፎካካሪ ባንክ ማስጠንቀቂያ፣ በሌላ በኩል የፕሮፌሰር ማረጋገጫ ቀረበለት።

ጥቅምት 2008 ላይ ግሊትኒር፣ ላንድስባንኪና ካውፕቲንግ የተባሉት ሦስቱ ትልልቅ ባንኮች በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ተንኮታኮቱ። ላንድስባንኪ በኢንተርኔት ተቀማጭ ይሰበስብ ስለነበር በብሪታንያና በኔዘርላንድስ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ አስቀማጮች ገንዘባቸው ታገተ። ሚሽኪን ለጥናቱ 124 ሺህ ዶላር እንደተከፈላቸው ብዙው ሕዝብ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ኢንሳይድ ጆብ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። ሚሽኪን ገንዘቡን የፌዴራል ሪዘርቭ የቦርድ አባል ሲሆኑ ባቀረቡት የገቢ መግለጫ አስመዝግበውት ነበር። ነገር ግን አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት የአሜሪካ ባለሥልጣን የገቢ መግለጫ የሚያገላብጥ ነጋዴ ስንት ነው?

ሰውዬው የጻፉት ያመኑበትን ሊሆን ይችላል። ጥናቱን ያሠራው ንግድ ምክር ቤቱ መሆኑም አልተደበቀም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ይህን የመሰለ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ቀን የሚቆጥር ደንብ አይነካውም። ዩኒቨርሲቲው ሰዓቱን አስጠብቆ የስሙን ክብደት ግን በነጻ አስወሰደ። ኪሣራው የወደቀው ከዩኒቨርሲቲውም ከፕሮፌሰሩም ላይ ሳይሆን በፊርማው ተማምኖ ገንዘቡን ባስቀመጠው ሰው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማሻሻያ አቅጣጫው ትክክል ነው። የኮሎምቢያ የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 መምህራኑ የጥቅም ግጭት ሊያስነሳ የሚችል የውጭ ሥራቸውን ለሕዝብ በሚቀርብ የሥራ ታሪካቸው ላይ እንዲዘረዝሩ ደነገገ። የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበርም በ2012 በመጽሔቶቹ የሚጽፍ ሁሉ በርዕሰ ጉዳዩ ጥቅም ካለው ወገን ባለፉት 3 ዓመታት 10 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ተቀብሎ ከሆነ እንዲገልጽ አዘዘ።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ነጥብ አላቸው። የደንበኛ ምስጢር ይጋለጣል፣ ጥሩ ምሁራን ይሸሻሉ ይላሉ። ይሁንና የሚፈለገው የጥናቱ ዝርዝር ሳይሆን የከፋዩ ስም ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ የማይፈልግ ደንበኛ የፕሮፌሰሩንም ስም በአደባባይ ሊጠቀምበት አይገባም። ጥናቱን ለራሱ ብቻ ሊያነበው ከሆነ ምስጢሩ ይጠበቅለት፤ ገንዘብ ለመሰብሰብ ለሕዝብ ሊበትነው ከሆነ ግን ሕዝቡ የማወቅ መብት አለው።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ባለሀብትም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። ከእንግዲህ አክሲዮን የሚገዛው ሰው መሥራቾቹን በአካል የሚያውቅ ዘመድና ጎረቤት ብቻ አይሆንም፤ ወረቀት አንብቦ የሚወስን ይበዛል። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። መምህሩ ቀን በግቢው፣ ማታ በግል ኮሌጅ ሲያስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ የአዋጭነት ጥናት ሲጽፍ መዋሉ የታወቀ ነው። በደመወዙ ብቻ ቤት ማስተዳደር ለከበደው ሰው «የጎን ሥራህን ተው» ማለት አይቻልም። «ማን እንደከፈለህ ጻፍ» ማለት ግን ይቻላል።

ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። በጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ጥናቱን ማን አሠራው፤ ስንት ተከፈለበት፤ አጥኚው በድርጅቱ ውስጥ አክሲዮን ወይም የቦርድ ወንበር አለው ወይ? ዩኒቨርሲቲው ይህን የማይሞላ መምህር ስሙን ከተቋሙ ስም ጋር አያይዞ እንዳይፈርም ማድረግ ይችላል። ደላላውና የኢንቨስትመንት አማካሪው ሦስቱ መስመሮች የሌሉበትን ጥናት ለደንበኛው አላሳይም ሊል ይችላል። ገዢውም ባዶ ሆነው ካገኛቸው ጥናቱን እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ዋጋውን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርግ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የጥናት ሥሩ ከፋዩ ነው።