ናይጄሪያ ኤር

ናይጄሪያ ኤር የናይጄሪያ መንግሥት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር በሽርክና ሊያቋቁመው አቅዶት የነበረ፣ ነገር ግን መደበኛ በረራ ሳይጀምር የቀረ ብሔራዊ አየር መንገድ ነው። ውጥኑ አንድ አየር መንገድ ብርቱ ውድድር ወዳለበት የሌላ አገር ገበያ ለመግባት ሲያስብ ምን ምን ማመዛዘን እንዳለበት ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳራ

የአገሪቱ ነባር ብሔራዊ አየር መንገድ፣ ናይጄሪያ ኤርዌይስ፣ በ2003 ሥራ አቆመ። በ2005 ቨርጂን ናይጄሪያ በረራ ጀመረ፤ የብሪታንያው ቨርጂን አትላንቲክ 49 በመቶ ድርሻ ነበረው። ኩባንያው የአገር ውስጥ በረራዎቹን በሌጎስ ከየትኛው ተርሚናል ያስነሳ በሚለው ጉዳይ ከባለሥልጣናት ጋር ተጋጨ፤ ቨርጂንም በ2010 ድርሻውን ለቆ ወጣ። ስሙ ኤር ናይጄሪያ ተብሎ የተለወጠው ድርጅት በ2012 ተዘጋ።

የገበያው ማራኪነት

ናይጄሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሌጎስ፣ አቡጃ፣ ካኖና ኢኑጉ ቢበርም፣ እንደ ማንኛውም የውጭ አየር መንገድ ከሌጎስ ወደ አቡጃ የሚሄድ መንገደኛ ማጓጓዝ አይፈቀድለትም። በአገሩ በተመዘገበ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ መያዝ ይህን በር ይከፍታል። ሌላው ምክንያት የቦታ አቀማመጥ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በአዲስ አበባ በኩል ሲጓዝ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ መብረር ይኖርበታል።

አየር መንገዱ በዚህ ስልት ቀደም ሲል ሠርቷል። በ2010 በረራ የጀመረውና መቀመጫውን ሎሜ ያደረገው አስካይ፣ በ2013 49 በመቶ የያዘበት የማላዊ አየር መንገድ፣ እንዲሁም በ2021 45 በመቶ ይዞ እንደገና ሥራ ያስጀመረው ዛምቢያ ኤርዌይስ ምሳሌዎች ናቸው። ይሁንና የእነዚህ አገሮች ገበያ ከናይጄሪያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስጋቶች

በናይጄሪያ እንደ ኤር ፒስ ያሉ የግል አየር መንገዶች ገበያውን ይዘዋል። የውጭ ምንዛሪ እጥረትም ነበር። ትኬት በናይራ ይሸጣል፤ የአውሮፕላን ኪራይና መለዋወጫ ግን በዶላር ይከፈላል። ኤሚሬትስ የትኬት ገቢውን ከአገሪቱ ማውጣት ስላልቻለ በ2022 በረራውን አቋርጦ የተመለሰው በጥቅምት 2024 ነው።

የውጥኑ ሂደት

በመስከረም 2022 የአቪዬሽን ሚኒስትሩ ሃዲ ሲሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመራው ቡድን መመረጡን አስታወቁ። በዕቅዱ መሠረት አየር መንገዱ 49፣ የናይጄሪያ ባለሀብቶች 46፣ መንግሥት ደግሞ 5 በመቶ ይኖራቸው ነበር። የአገሪቱ የአየር መንገዶች ማኅበርና አባላቱ ምርጫው ግልጽነት እንደጎደለውና ውድድሩን እንደሚያዛባ በመግለጽ ክስ መሠረቱ። በሌጎስ የተቀመጠው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኅዳር ወር እግድ ሰጠ።

የመንግሥት ለውጥ ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 26 ቀን 2023፣ የናይጄሪያ ኤር ቀለም የተቀባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አቡጃ አርፎ ለሕዝብ ታየ፤ ከቀናት በኋላ ግን ተመልሶ ሄደ። አዲሱ ሚኒስትር ፌስተስ ኬያሞ በነሐሴ 2023 ውጥኑን አገዱ። በነሐሴ 2024 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የድርሻ ሽያጩን ውድቅ አደረገው።

የጉዳዩ ትርጉም

ገበያው ሰፊ መሆኑ ብቻውን ለመግባት በቂ ምክንያት አልሆነም። የጋበዘው መንግሥት ሲለወጥ የግብዣው ዋስትናም አብሮ ጠፋ፤ ተፎካካሪዎቹም ትግሉን የጀመሩት በትኬት ዋጋ ሳይሆን በፍርድ ቤት ነበር። ከግማሽ በታች ድርሻ የሚይዝ የውጭ ባለሀብት የአገሬው ኩባንያዎች ካላመኑበት ውሳኔውን ብቻውን ሊያስጠብቅ አይችልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን የራሱን በረራዎች ወደ ናይጄሪያ ማድረጉን ቀጥሏል።