አድማጩም ይደመጥ

«ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የእኛን አድማጭ አይይዝም» ይባላል። የሬዲዮ ድራማ ከሚሠሩ ሰዎች ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አድማጩ የሚፈልገው የአማትና የምራት ጠብ፣ የውርስ ክርክርና ከገጠር የመጣች ልጅ የከተማ ስቃይ ነው፤ ጠፈር፣ መንኮራኩር፣ መጪው ዘመን ሲባል ግን ጣቢያ ይቀይራል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አድማጩ ራሱ እንዲህ ባለው ታሪክ ላይ ሲሟገት በጆሮዬ ሰምቻለሁና።

የሰማሁት ጫኖ ነው። ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባያ ሐይቅና በጋሞ ተራሮች መካከል ያለ የሙዝና የማንጎ አገር ነው። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋ፣ ጫኖ ጫልባ እያለ ይቀጥላል። ሙዙ ተቆርጦ መንገድ ዳር ይከመርና አይሱዙው እስኪመጣ ቆራጩም ጫኙም ማንጎ ጥላ ሥር አረፍ ይላል። ስልክ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

አንዱ ወጣት ድምፁ እንዲጎላ ስልኩን ባዶ የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ አቆመው። ከሚሞሪ ካርዱ የሚሰማው የይስማዕከ ወርቁ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ የ«ዴርቶጋዳ» ትረካ ነበር። አንድ ተራኪ ሁሉንም ሆኖ ያነባል፤ ሚራዥንም፣ ኢንጂነር ሻጊዝንም፣ ሲፓራንም።

«እስቲ አቁመው!» አለ ከጫኞቹ አንዱ። «ሲፓራ እንዲህ አትናገርም። ሰላይ እኮ ናት! ይሄ ሰውዬ እንደ ምስኪን ልጅ ነው የሚያናግራት።»

«ብቻውን ስንቱን ይሁን?» አለ ጓደኛው።

መጽሐፉን ያነበበ ሦስተኛ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበረው። «እዚህ ጋ ዘሏል። መጽሐፉ ላይ ሰፋ ይላል፤ ቆርጦታል።»

አጠገባቸው ማንጎ የሚሸጡ እናት እስከዚያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር። «ልጆች፣ ጣና ላይ ይህን ያህል ምሥጢር ካለ አባያ ሥር ምን ይኖር ይሆን?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ እንዳለፈ ግን ክርክሩ አባያ ላይ ወደቀ። ውሃው ለምን ቀላ? አንዱ ከደጋ በጎርፍ የሚወርደው አፈር ነው አለ፤ ልክ ነው። ሌላው ግን የጎረቤቱ የጫሞ ሐይቅ ውሃ እንዲህ ሳይቀላ የአባያ ብቻ የቀላው ሥሩ የሚሠራ ነገር ስላለ ነው ብሎ፣ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን የእግዜር ድልድይ መሸሸጊያ አድርጎ አንድ ታሪክ እዚያው ፈጠረ። አይሱዙው ሲደርስ የእሱ ታሪክ ገና አላለቀም ነበር።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አድማጭ የለውም የሚሉ ሰዎች እዚያ ጥላ ሥር ቢቀመጡ እወድ ነበር። የድምፅ ተዋናይ ምርጫን የሚተች፣ ድርሰት ሲቆረጥ የሚቆጭ፣ የሰማውን ታሪክ ወደ ራሱ ሐይቅ አምጥቶ የሚቀጥል ሰው ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አድማጭ ይሁን?

«ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሃያሲው ቢከፋፈልም አንባቢው አልተከፋፈለም፤ መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። «ራማቶሓራ» እና «ዮራቶራድ» ተከተሉት። ከጣና ገዳማት እስከ አሜሪካ የጠፈር ምርምር የሚዘረጋ፣ የስለላ ድርጅቶች የሚርመሰመሱበት ተከታታይ ታሪክ ነው። ኢንጂነር ሻጊዝን ያነበበ ሁሉ ከቦንጋ ተነሥተው እስከ ናሳ የደረሱትን፣ በ1998 ዓ.ም. ያረፉትን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን አስታውሷል። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አምጥቃለች። ጠፈር ለእኛ ሰው ባዕድ ወሬ ነው ማለት አይቻልም።

በጆሮ የሚሰማ ታሪክ ላይ አስተያየት መስጠትም ለአገራችን አድማጭ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ፣ ብዙ ሰው የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣን የሚያስበው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ዛሬም ያንን መጽሐፍ ሌላ ሰው ቢያነብለት «የወጋየሁን ያህል አልሆነም» የሚል አድማጭ ሞልቷል። ይህ አባባል ለአዲሱ ተራኪ ከባድ ሸክም እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አድማጩ ድምፅን ከገጸ ባሕርይ ጋር አዋሕዶ ለዓመታት ይዞ እንደሚኖር ያሳያል። እንዲህ ያለ ትውስታ ያለው ሕዝብ የሚሰጠው ቅሬታ እንደ ነቀፋ ብቻ ሊታይ አይገባም።

ሌላም ማስረጃ አለ። «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላልፏል። በእነዚያ ዓመታት ከአድማጮች ወደ 15,000 የሚደርስ ደብዳቤ መጥቶለታል። ያን ጊዜ ደብዳቤ መላክ ማለት ወረቀትና ፖስታ ገዝቶ፣ ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ መሄድ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚነሣ ሰው ድራማውን የራሱ ጉዳይ አድርጎታል። ጭብጡ የቤተሰብ ምጣኔና ኤችአይቪ ነበር እንጂ ጠፈር አልነበረም። የደብዳቤው ብዛት የሚነግረን ግን ታሪኩ በደንብ ከተሠራ አድማጩ መልስ ለመስጠት እንደማይሰንፍ ነው።

በሌላው ዓለም ደግሞ የሳይንሳዊ ልብ ወለድና የጆሮ ድራማ ቁርኝት ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1938 ኦርሰን ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን የኤች ጂ ዌልስ ድርሰት በዜና መልክ ለአሜሪካ ሬዲዮ አቅርቦ ብዙ አድማጭ አስደነገጠ። ድንጋጤው በኋላ ጋዜጦች ያጋነኑትን ያህል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 የኢኳዶሯ ኪቶ ከተማ ሬዲዮ ያንኑ ታሪክ አድማጩን ሳያስጠነቅቅ ሲያስተላልፍ የደረሰው ግን እውነተኛ መዓት ነው። የተታለለው ሕዝብ ጣቢያው የነበረበትን ሕንፃ አቃጠለ፤ ሰዎችም ሞቱ። ድምፅ ያን ያህል ኃይል አለው። አድማጭን መናቅም ያን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

መልካሙ ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው። «ዶክተር ሁ» የተባለው የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋረጠ። በ1996 ፖል ማክጋን ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩን፣ ሆኖ በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቻ ታየና ነገሩ እዚያው ቀረ። ቢግ ፊኒሽ የተባለ ድርጅት ከ1999 ጀምሮ የቀድሞዎቹን ተዋንያን እየጠራ ታሪኩን በድምፅ ብቻ ይሠራው ጀመር። ከእነሱ አንዱ፣ በቴሌቪዥን ዘመኑ ዶክተሩን ሆኖ ብዙ የተነቀፈው ኮሊን ቤከር፣ በድምፅ ድራማው ተመልሶ አድናቂዎቹን አስታረቀ፤ በዚያው ገጸ ባሕርይ የተሻለ ድርሰት ሲሰጠው ችሎታው ታየ። ማክጋንም በዓይን አንድ ጊዜ ብቻ የታየውን ዶክተር በጆሮ ለዓመታት ኖረበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ቢቢሲ አንድ አጭር ፊልም ሲያቀርብ፣ የማክጋን ዶክተር ከመሞቱ በፊት በድምፅ ድራማው ብቻ የሚታወቁትን አጋሮቹን በየስማቸው ጠራ። አድማጮች ለዓመታት የወደዷቸው ገጸ ባሕርያት ወደ ዋናው ታሪክ ገቡ ማለት ነው። እነዚያ አድማጮች ዝም ብለው ቢሰሙና ዝም ብለው ቢሄዱ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1981 «ስታር ዋርስ»ን ለሕዝብ ሬዲዮ በ13 ክፍሎች ሠርታዋለች። ሁለት ሰዓት የሚሆነው ፊልም በሬዲዮ ስድስት ሰዓት ገደማ ሆነ። ማርክ ሃሚልና አንቶኒ ዳንኤልስ የራሳቸውን ገጸ ባሕርያት በድምፃቸው ተጫወቱ፤ የሃሪሰን ፎርድን ሚና ግን ሌላ ተዋናይ ያዘው። እንዲህ ሲሆን «ድምፁ እሱ አይደለም» የሚል ቅሬታ በየትም አገር መነሣቱ አይቀርም። ጫኖ ላይ ስለ ሲፓራ የተነሣውም ያው ነው።

እዚህ ላይ ለአዘጋጆች የምለው አለኝ። የቀረበልን አብዛኛው ነገር ትረካ እንጂ ድራማ አይደለም። ትረካ የከበረ ሙያ ነው፤ የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ትረካዎች ስንቱን ታክሲ ውስጥ እንዳስቀሩት እናውቃለን። ስለላና ማሳደድ የሞላበት፣ ሴትና ወንድ፣ መነኩሴና ሳይንቲስት የሚነጋገሩበት ታሪክ ግን ብዙ ድምፅ ይፈልጋል። ለሲፓራ ሴት ተዋናይ፣ ለመነኩሴው ዕድሜ ያለው ድምፅ፣ ለጣና የታንኳና የወፍ ድምፅ ያስፈልጋል።

ይህ ደግሞ ከሚታሰበው ይልቅ ለአቅማችን የቀረበ ነው። መንኮራኩር በፊልም ለማሳየት የሚጠይቀውን ገንዘብ እዚህ አገር የሚያወጣ የለም፤ ብናሳየውም ሳቅ ይፈጥራል። በድምፅ ግን አንድ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ፣ የሚዘጋ ብረት በር፣ የአንድ ሰው ትንፋሽ ይበቃል። ቀሪውን አድማጩ በአእምሮው ይሠራዋል። ማንጎ ሻጯ እናት አባያ ሥር ያዩትን የትኛውም ባለሙያ አይሠራላቸውም። የድምፅ ድራማ ለድሃ አገር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተመቸ መድረክ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የደራሲው መብት ነው። በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚዘዋወሩ የመጽሐፍ ትረካዎች ስንቶቹ በደራሲው ፈቃድ ተሠሩ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰትን ማባዛትም ሆነ ወደ ሌላ መልክ መቀየር የባለ መብቱን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። ማንጎ ጥላ ሥር ያሉት ወጣቶች ጥፋተኛ አይደሉም፤ የሚገዙበት ሕጋዊ መንገድ አጠገባቸው ስላልቀረበላቸው ካገኙት ሰሙ። ያለ ፈቃድ አንብቦ ከማስታወቂያ ገንዘብ የሚሰበስበው ግን ደራሲውን ይጎዳል፤ ቀጣዩን ክፍል የሚጽፍበትን ጊዜ ይቀማዋል። አድማጩም ተከታታዩን ከወደደ ለተከታታዩ መክፈል አለበት። በሚሞሪ ካርድ በነፃ እያዞርን «ለምን አይቀጥልም?» ብሎ መቆጣት ፍትሐዊ አይደለም።

አድናቂዎችም ልጓም ያስፈልገናል። ተዋናይን በድምፁ መተቸት ተገቢ ነው፤ በሰውነቱ መሳደብ ግን አይደለም። «ከመጽሐፉ ወጥቷል» የሚለው ቅሬታም ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። በገጽ ላይ ሦስት አንቀጽ የሚፈጅ ገለጻ በጆሮ ሲሰማ ሊያሰለች ይችላል፤ አዘጋጁ ቢያሳጥረው ሙያው ነው። መጠየቅ ያለብን የተቆረጠው ነገር ታሪኩን አጉድሎት እንደሆነ ነው።

የጋሞ ሕዝብ ለዚህ የሚሆን ባህል አለው። በዱቡሻ፣ በሕዝቡ መሰብሰቢያ አደባባይ፣ ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ሌላው ጨርሶ እስኪናገር ይደመጣል፤ ነገሩም በመስማማት ይቋጫል። የተናገረ ሁሉ አሸናፊ አይሆንም፣ ሳይሰማ የሚቀር ግን አይኖርም። የድምፅ ድራማ አዘጋጅና አድማጭ እንዲህ ቢገናኙ ምን ያምራል! ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ስልክ የሚከፈትበት ግማሽ ሰዓት፣ ደራሲው ራሱ የሚቀርብበት፣ ተዋናይዋ «ሲፓራን እንዲህ የተጫወትኳት ለዚህ ነው» የምትልበት መድረክ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጥሪዬ ለሦስት ወገን ነው። የአርባ ምንጭና የሌሎች ከተሞች የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሆይ፣ ደራሲውን አስፈቅዳችሁና ከፍላችሁ አንድ ሳይንሳዊ ተከታታይ በሙሉ ተዋንያን ሥሩ፤ አማርኛው ሲሳካ በጋሞኛም ሞክሩት። ደራስያን ሆይ፣ ታሪካችሁ ከጣና ወደ አባያ፣ ወደ ጫሞ፣ ወደ ነጭ ሳር ፓርክም ይውረድ፤ እዚህ የሚጠብቃችሁ ጆሮ አለ። አድማጮች ሆይ፣ የወደዳችሁትን ግዙ፣ ያልወደዳችሁትን ምክንያቱን ጨምራችሁ ለአዘጋጁ ንገሩ። የተነገረውን ቅሬታ መስማት ግን የአዘጋጁ ግዴታ ነው።